ልጁ የሚልሰውን ነው የምትቀቡት

ደብረ ብርሃን ኅዳር ሲገባ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ጠዋት ነፋሱ ሲነሣ የሕፃናቱ ጉንጭ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይሻክራል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። እኔ ከገበያው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት ድራጊስት ነኝ። ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ «ለሕፃን የሚሆን ቅባት አለሽ?» የማይለኝ የለም። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ስንት ወሩ ነው? ደርቋል ወይስ ቆስሏል? እስካሁን ምን ቀባችሁት? ሦስተኛው ላይ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ።

አልፈርድባቸውም። የመጀመሪያ ልጄ ሰባት ወሩ ሳለ አማቴ ከመንዝ ሊጠይቁን መጡ። ለጋ ቅቤ ውስጥ ጤና አዳም ወቅጠው ጨመሩና «ለብርድም ለዓይንም ነው» ብለው ክንዱን ቀቡት። እንደ ልማዳችን ጠዋት ፀሐይ አሞቅነው። ያን ዕለት ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን የእሳቸው ጣቶች የሄዱበትን መስመር ተከትሎ ክንዱ ቀላ፣ ማታ ላይ ውኃ ቋጠረ። አማቴ አዩትና «ምች ነው ልጄ፣ ዳማ ከሴ አምጪ» አሉ።

ፀሐይዋን መጠርጠራቸው ግማሽ ልክ ነበር። ጤና አዳም ውስጥ ፉሮኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ቆዳ ላይ ሆነው የፀሐይ ብርሃን ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ፤ ምልክቱም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ስለሚወጣ ማን እንዳመጣው አይታወቅም። የሎሚ ጭማቂም ይህንኑ ያደርጋል። ቁስሉ ቶሎ ደረቀ፣ ጥቁር መስመሩ ግን እስከ ፋሲካ አብሮን ቆየ። የሚያሳፍረኝ ሲቀቡት አጠገባቸው መቆሜ ነው። ድራጊስት ሆኜ ዝም አልኩ፤ አማት ናቸዋ።

ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ቅባት አንድ መለኪያ አለኝ፦ ልጁ ቢልሰውስ? መላሱ አይቀርማ። ጉንጩን ስትቀቡት በእጁ ያብሰዋል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። በዚያ ላይ የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፤ ከኪሎው ጋር ሲታይም ስፋቱ ከእኛ ይበልጣል። ስለዚህ በቆዳው የሚገባው ነገር ለእሱ ብዙ ነው።

በዚህ መለኪያ ቀድመው የሚወድቁት አፍንጫ የሚከፍቱት ናቸው። ካምፎር፣ ሜንቶልና የባሕር ዛፍ ዘይት ያለባቸው እንደ ቪክስ ያሉ የጉንፋን ቅባቶች ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆኑም፤ መለያው ላይም ተጽፏል። ሜንቶል አፍንጫው ሥር ሲቀባ የትንሽ ሕፃን ትንፋሽ ሊያቋርጥ ይችላል። ካምፎር የዋጠ ልጅ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ለዚህም ጥቂቱ ይበቃል። ባሕር ዛፍ በየደጃችን ስለሚበቅል ዘይቱ ጉዳት ያለው አይመስለንም። ቅጠሉን አፍልቶ ቤት ማጠን ሌላ፣ ዘይቱን ሕፃን ደረት ላይ ማሸት ሌላ።

የወገብና የጉልበት ማሻ ቅባቶችን የምጠቅሰው በአያቶች ምክንያት ነው። አያት ጉልበታቸውን ተቀብተው ልጁን ይታቀፉታል። በነዚህ ቅባቶች ውስጥ የሚገባው ሜቲል ሳሊሲሌት ከአስፕሪን ዘመድ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ዘይቱ ከ20 በላይ የአዋቂ አስፕሪን ክኒኖችን ያህላል። ቅባቱ ውስጥ ያለው ከዚያ የቀጠነ ቢሆንም ቆርቆሮውን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ልጁ ከዋጠ ወተት አጠጥቶ ማስታወክ የለም፤ ልጁንም ቆርቆሮውንም ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

አሁን ደግሞ የሚያናድደኝ። አንዲት እናት የዓመት ከመንፈቅ ልጇን አዝላ መጣች። የጉንጮቹ ቆዳ ሳስቶ ቀጫጭን ቀይ ሥሮች ይታያሉ። የቀባችውን አሳየችኝ፦ ጽሑፉ የተፋቀ ቱቦ። «ሦስት ቀን ስቀባው ጥርት ብሎ ነበር፣ ሳቆም ባሰበት። ስለዚህ ቀጠልኩ» አለችኝ። ቶሎ ማዳን፣ ሲቆም ብሶ መመለስ፣ ቆዳ ማሳሳት፤ የጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም መቅላትና እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት፣ ጠባይ ይህ ነው። ከነዚህ መካከል ክሎቤታሶል የሚባለው ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም። ሽፍታው ጭርት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ስቴሮይዱ መቅላቱን እየደበቀ ፈንገሱን ያስፋፋው ነበር። ሐኪም ለችፌ ለስላሳውን ዓይነት ቀን ቆጥሮ ሲያዝ ሌላ ነገር ነው። እናትየዋን ከነልጇ ወደ ሐኪም ላክኋት። ቱቦውን የሸጠላት ሰው ግን እዚያው አለ።

«ፊት ያጠራል» ተብለው በሚሸጡት ውስጥ ሜርኩሪም ይገኛል፤ ኩላሊት ይጎዳል። እናት ራሷ ተቀብታ ልጇን ስትስም ወደ እሱ ይተላለፋል። ስለዚህ «እኔ እንጂ እሱ አይቀባም» ማለት አያድንም። መለያው የተፋቀ፣ የአምራቹ ስም የሌለበት ወይም ከትልቅ ባልዲ ተቀንሶ በትንሽ ዕቃ የሚሸጥ ቅባት ለልጅ አትግዙ።

ታዲያ ምን ይገዛ? ሽታ የሌለው ነጭ ቫዝሊን። አሰልቺ መልስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደንበኞቼም ፊታቸው ላይ ይታየኛል። ቫዝሊን ቆዳን አይመግብም፤ ያለውን እርጥበት እንዳይወጣ ይከድነዋል። ለውርጭ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ልጁን ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ ሳታሹ አድርቁት፣ ቆዳው እርጥበት ሳይጨርስ ቀቡት፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ጉንጩን ድገሙት። አፍንጫው ውስጥ አታግቡ፤ ቅባት ወደ ሳንባ ሲወርድ ሌላ በሽታ ያመጣል። የሕፃን ሥዕል ያለበት ሮዝ ዕቃ ስታዩ ሥዕሉን ተዉትና ጀርባውን አንብቡ። ንጥረ ነገሮቹ በብዛታቸው ቅደም ተከተል ነው የሚጻፉት። «ፓርፉም» ወይም «ፍራግራንስ» የሚል ካለ መልሱት፤ በአንድ ቃል ሥር ብዙ ሽቶ ይደበቃል፣ ችፌ ያለበትን ቆዳ ያስቆጣል። ማንበቡ ከከበዳችሁ ባለሙያውን «ቃሉን በጣትህ አሳየኝ» በሉት።

ለጋ ቅቤ ውኃና የወተት ተረፈ ነገር ስላለበት ጀርም ያፈራል፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ አይሆንም፣ እትብት ላይማ ፈጽሞ። የወይራ ዘይት ውድ ስለሆነ ጥሩ ይመስላል እንጂ የሕፃንን ቆዳ መከላከያ ያላላል፤ የሱፍ አበባ ዘይት ይሻላል። ኩል ቅባት ባይሆንም እናንሣው፤ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ለልጅ ዓይን አይሁን።

ራሳችን እንሥራ ለምትሉ፣ እኔም እሠራለሁ፤ ዓመት ለሞላው ልጅ ብቻ። ከጠጅ ጣይ ሰፈፍ፣ ማለትም ከጠጁ የሚቀረውን ያልጠራ ሰም፣ ግዙ። ውኃ ውስጥ አፍሉት፣ በንጹሕ ሻሽ አጥልሉት፣ አሳድሩት። ጠዋት ሰሙ ላይ ላዩን እንደ እንጎቻ ክብ ሆኖ ረግቶ ታገኙታላችሁ። ከሥሩ የተጣበቀውን ቡናማ አተላ በቢላዋ ፋቁ። ሻሹ ላይ የጌሾ ስባሪ መቅረት እስኪያቆም ድረስ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ዓመት ያልሞላው የማይቀባበት ምክንያት ማሩ ነው፦ ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን፣ ሕፃንን የሚያሽመደምድ በሽታ የሚያመጣ የጀርም ዘር ሊኖር ይችላል፣ መፍላትም አይገድለውም፣ ከሰፈፍም ሙሉ በሙሉ መውጣቱን በዓይን ማረጋገጥ አይቻልም። «ጧፍ አቅልጬስ?» የሚሉኝ አሉ። የዛሬ ጧፍ ብዙ ጊዜ ፓራፊን የተቀላቀለበት ነው፤ ሌላ ምን እንዳለበትም አይጻፍበትም።

20 ግራም ንጹሕ ሰምና 100 ግራም የሱፍ አበባ ዘይት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉና የሚፈላ ውኃ ድስት ላይ አስቀምጡት። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ። ሰም 62 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ ብዙ እሳት አይፈልግም። ማንኪያ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሲረጋ በጣት ግፉት፤ ከደረቀ ዘይት፣ ከፈሰሰ ሰም ጨምሩ። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ የምትሠሩ ሰሙን ወደ 25 ግራም አድርጉት፣ ቆላው ያቀልጠዋል። እሬትም፣ የአበባ ውኃም፣ ጠብታ ሽቶም አይጨመር። ውኃ ከገባበት ይበላሻል፤ በእርጥብ ጣትም አትንኩት፣ በደረቅ ማንኪያ ቅዱ። መሽተት ሲጀምር ይጣላል።

አዲስ ቅባት መጀመሪያ ክንዱ ውስጠኛ በኩል ትንሽ ተቀብቶ ሁለት ቀን ይታያል። ውኃ የሚያዥ፣ ቢጫ ቅርፊት የሠራ፣ ሌሊት በእከክ የሚያስለቅስ ወይም ትኩሳት ያለበት ከሆነ ግን ቅባት አትሞክሩ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እሳቱን ደግሞ አደራ። በብርድ ሁላችንም ምድጃ ዳር ነን። ቅባት የጠጣ ልብስና ብርድ ልብስ ቶሎ ይቀጣጠላል፤ የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንኑ አስጠንቅቋል፣ ቢታጠብም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። የልጁን ማቀፊያ ከኩበቱ እሳት አርቁት። ባና የምታለብሱም ከሥሩ የጥጥ ጨርቅ አድርጉ፤ ሱፉ ራሱ የደረቀ ቆዳን ያሳክካል።

አማቴ አሁንም ከመንዝ ሲመጡ ሰፈፉን በፌስታል ቋጥረው ያመጡልኛል። ጤና አዳሙንም አልተዉትም፤ እሱን ቡናችን ላይ ነው የምናደርገው።