አመሻሽ ላይ የሚፈካውን ሚራቢሊስ በጓሮ እንዴት እናሳድግ?

ብዙ አበባ የሚያምረው ቀን ላይ ነው። ሚራቢሊስ ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ መፈካት ይጀምራል፣ ሌሊቱን መዓዛው ያውዳል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲበረታ ይጨማደዳል። የዘር ፓኬት ላይ «ፎር ኦክሎክ» ተብሎም ይጻፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታ ምረጡ። አመሻሽ ላይ የምትቀመጡበት በረንዳ ወይም የመኝታ ቤት መስኮት አጠገብ ይሁን። ከጓሮው ጥግ ብትተክሉት መዓዛው ሳይደርሳችሁ ይቀራል። ቦታው ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይቋጥር መሆን አለበት።

ዘሩ ጥቁርና ሽብሽብ ያለ ነው፤ ቁንዶ በርበሬ ይመስላል። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። አደራ፣ ዘሩም ሥሩም መርዛማ ናቸው። ልጆችና ውሻ የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት፣ ከቅመም አጠገብ ደግሞ በፍጹም አይቀመጥ።

ውርጭ ካለፈ በኋላ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩት። ሥሩ ወደ ታች ስለሚወርድ እዚያው በቋሚ ቦታው መዝራት ይሻላል። አፈሩ ሞቅ ካለ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይበቅላል። በችግኞቹ መካከል ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ተዉ፤ ቁጥቋጦው ጎኑን ይሰፋል፣ ቁመቱም እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በማሰሮ ከሆነ ጥልቅ ማሰሮ ፈልጉ።

ሥር እስኪሰድ አዘውትራችሁ አጠጡ። በቀትር ሙቀት ቅጠሉ ጠውልጎ ብታዩ አትደንግጡ፣ ሲመሽ ቀና ይላል። ማዳበሪያ አታብዙበት፤ ኮምፖስት ይበቃዋል። ከበዛበት ቅጠል ብቻ ያወጣል።

እኔ በጣም የምወደው ቀለሙን ነው። አንድ ተክል ላይ ቢጫም፣ ሮዝም፣ አንዳንዴም እንደተረጨ ቀለም የተዥጎረጎረ አበባ ታያላችሁ። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ኮረንስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለ ዘር ውርስ ያጠናው በዚሁ አበባ ነው፤ ቀዩ ከነጩ ሲዳቀል ሮዝ ይወጣል። ስለዚህ የለቀማችሁት ዘር እናቱን ላይመስል ይችላል። ጨለምለም ሲል ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ረጅም ምላስ ያላቸው የእሳት እራቶች ከአበባው ቀጭን ቱቦ ጣፋጭ ፈሳሹን ሊቀስሙ ይመጣሉ።

ዘሩ ሲጠቁር በቀላሉ ይረግፋል። ሳይረግፍ ልቀሙና አድርቃችሁ አስቀምጡ። ውርጭ ባለበት አገር ሥሩን ቆፍራችሁ አውጡ፣ ደረቅ አሸዋ ውስጥም አቆዩት። ሳይለቀም የወደቀው ዘር በሚቀጥለው ወቅት ራሱ ይበቅላል። የማትፈልጉትን ገና ለጋ ሳለ ንቀሉ፤ ሥሩ ከወፈረ በኋላ ያለ ዶማ አይነቀልም።