ለውሻ ቁንጫ ዲያዚኖን፦ አለካኩ፣ አቀባቡና አደጋው

አዳማ ላይ ቁንጫ የሚበረታው ክረምቱ አልፎ፣ መሬቱ እርጥበቱን ሳይለቅ ሙቀቱ ሲመለስ ነው። ውሻው ታስሮ የሚውልበት አፈር፣ ጥላ ያለው የአጥር ጥግ፣ የሚተኛበት ጆንያ፣ ሁሉም ለቁንጫ ይመቻሉ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው "ጠንከር ያለ መድኃኒት" ፍለጋ ይወጣል። ጠንካራው መድኃኒት ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በልኩ ከተበጠበጠና የውሻው ማደሪያም አብሮ ከታከመ ነው። ውሻው ላይ የምታዩት ቁንጫ በቤታችሁ ካለው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው እንቁላል፣ እጭ ወይም በድር ተጠቅልሎ የሚጠብቅ ለጋ ቁንጫ ሆኖ መሬት ላይ ተቀምጧል።

አስቀድሞ ቁንጫ መሆኑን አረጋግጡ። የጭራውን ሥር በቅማል ማበጠሪያ አበጥሩና የወጣውን ጥቁር ብናኝ በረጠበ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉት። ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ከለቀቀ የቁንጫ ኩስ ነው፤ የተፈጨ ደም ስላለበት ይቀላል። የአዳማ አቧራ ሰው ስለሚያሳስት ይህን ሙከራ አትዝለሉት።

አቅም ከፈቀደና ከተገኘ ምርጫችን ፊፕሮኒል ነው። በትከሻዎቹ መካከል ፀጉሩ ተከፍሎ ቆዳው ላይ ይንጠባጠባል፣ ከ8 ሳምንት በላይ ለሆነ ቡችላም ይሆናል፤ ከመደረጉ በፊትም በኋላም ለ48 ሰዓት ውሻው አይታጠብም። አሚትራዝ ለመዥገርና ለእከክ እንጂ ለቁንጫ አይሠራም። የአይቨርሜክቲን መርፌም በተለመደው መጠኑ ቁንጫ አያጠፋም። ከመቂ ወይም ከወንጂ በኩል ከእርሻ የተረፈ የአትክልት ፀረ ተባይ ግን በምንም ምክንያት ውሻ ላይ አይደረግም። የተዘጋጀው ለተክል ነው፤ ማሟሚያው ራሱ ቆዳ ያቃጥላል፣ መርዙንም ወደ ሰውነት ያስገባል።

በእንስሳት መድኃኒት ቤት በብዛት የሚገኘው ግን 60 በመቶ ዲያዚኖን ነው፤ በውሃ ተበጥብጦ ውሻው ላይ የሚደረግ ፈሳሽ ፀረ ተባይ ነው። ሲገዛ የታሸገ፣ ጽሑፉ የሚነበብና ጊዜው ያላለፈ ይሁን። በሃይላንድ ፕላስቲክ ተገልብጦ የሚሸጠውን አትግዙ። ምን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፤ በዚያ ላይ ልጅ ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። ሌላም ምክንያት አለ፦ ጥቂት ውሃ የገባበት ዲያዚኖን ሲቆይ ከመጀመሪያው የባሰ መርዛማ ወደሆኑ ነገሮች ይለወጣል። ስለዚህ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስም አይታመንም።

የተለመደው ልክ 1 ሚሊ ሊትር ለ1 ሊትር ውሃ ነው፤ ይህም 0.06 በመቶ ይሰጣል። ጠርሙሱ ላይ ሌላ ልክ ከተጻፈ ያንን ተከተሉ፤ ውሻ የሚለው ጭራሽ ከሌለበት ሐኪም ሳትጠይቁ አትንኩት። መለኪያው መርፌው የወለቀ ሲሪንጅ ይሁን። ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። አንድ የፕላስቲክ ክዳን 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚይዝ "ለሊትር አንድ ክዳን" ያለ ሰው ውሻውን በአምስት እጥፍ መርዝ ነከረው ማለት ነው። ለመካከለኛ ውሻ 3 ሊትር ይበቃል፤ ስለዚህ 3 ሚሊ ሊትር። ሲበጠበጥ ወተት መስሎ መንጣት አለበት። ዘይቱ ተለይቶ ከላይ ከተንሳፈፈ ተበላሽቷልና አትጠቀሙበት።

ከ3 ወር በታች ለሆነ ቡችላ፣ ላረገዘች ወይም ለምታጠባ፣ ለከሳ፣ ለታመመ ወይም ቁስል ላለው ውሻ ዲያዚኖን አይሆንም። ለድመትም ፈጽሞ አይሆንም። ካርባሪል የሚባል የቁንጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ወይም የፀረ ቁንጫ ማሰሪያ አንገቱ ላይ ያለ ውሻም ይቆይ፤ ካርባሪልና በአንዳንድ ማሰሪያዎች ላይ ያለው መርዝ ከዲያዚኖን ጋር በሰውነት ውስጥ አንድ ቦታ ስለሚመቱ ይደራረባሉ።

ሥራው በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ደጅ ላይ ይሠራል። ውሻው አስቀድሞ ይብላ፣ ይጠጣ፤ የጠማው ውሻ የረጠበ ፀጉሩን ይልሳል። የላስቲክ ጓንት፣ ረጅም እጅጌና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ። ከአንገቱ ጀምሩ፦ መጀመሪያ ዙሪያውን በደንብ አርጥቡት። ከጀርባው ከጀመራችሁ ቁንጫው ሸሽቶ ጆሮውና ዓይኑ አካባቢ ይሰበሰባል። ቀጥሎ ጀርባ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ የጭራ ሥር፤ በጣታችሁ እስከ ቆዳው አድርሱት። ፊቱን በተጨመቀ ጨርቅ ብቻ አብሱ፤ ዓይን፣ አፍና ብልት አይነካም። በውሃ አይለቀለቅም። ጥላ ሥር እስኪደርቅ ድረስ ሰው አጠገቡ ይቁም፣ እንዳይልስም ይከልክለው። ከ14 ቀን በፊት አይደገምም። ዶሮ ካላችሁ እስኪደርቅ አርቁ፤ ዲያዚኖን ወፍ ይገድላል። የተረፈውን ወደ ቦይ አትድፉ፤ ከመጀመሪያው የሚበቃውን ብቻ በጥብጡ።

በዚያው ቀን ጆንያው ይቃጠል ወይም በፈላ ውሃ ይቀቀል። የውሻ ቤቱ ተጠርጎ፣ የላይኛው ልቅ አፈር ተዝቆ ይውጣ፤ ከተቻለም ቤቱ ለጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ ይዙር፤ እጭ ድርቀትና ፀሐይ አይችልም። ወለሉና የአጥሩ ጥግ ለዚህ በተዘጋጀ ዴልታሜትሪን ወይም ሳይፐርሜትሪን፣ በጽሑፉ ልክ ይረጭ። እስኪደርቅ ውሻም ድመትም አይግባበት። በድር የተጠቀለለውን ግን ምንም መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። ለዚህ ነው ከ2 ሳምንት በኋላ አዲስ ቁንጫ ሲታይ መድኃኒቱ ውሸት ነው የሚባለው። መድኃኒቱ አይደለም፤ ያኔ የተፈለፈለው ነው። ወለሉን ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ድገሙት፤ በውሻው ላይ ያለውን ልክ ግን አታጠንክሩ።

ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ ካስታወከው፣ ካስቀመጠው፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ ወይም መተንፈስ ከከበደው ተመርዟል። ጓንት አድርጋችሁ ወዲያው በፈሳሽ ሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁም ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ። ማርከሻው አትሮፒን ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ወተት አታጠጡት፤ መርዙን አያረክሰውም። እንዲያስታውክም አታስገድዱት፤ ማሟሚያው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ቁንጫው ከጠፋ በኋላ በዓይነ ምድሩ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነጭ ነገር ብታዩ፣ ውሻው ቁንጫ ሲውጥ የያዘው ኮሶ ትል ነው። ይህን ፕራዚኳንቴል ያጠፋዋል፤ ክኒኑ የሚሰጠው በክብደቱ ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ውሻውን መዝኑት።