በወሎ በሁለትና በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ማንበብ የሚጀምርን ልጅ እንዴት እናግዘው?

የደሴ ልጅ አማርኛን በፊደል ጀምሮ እንግሊዝኛን ይጨምራል፤ የከሚሴው አፋን ኦሮሞን በቁቤ (በላቲን ፊደላት)፣ አማርኛን በፊደል ይማራል፤ ቁርአን የሚቀራው ደግሞ ዐረብኛን ከቀኝ ወደ ግራ ያነባል። ልጁ በአንዱ ፈጥኖ በሌላው ቢዘገይ፣ ሰነፍ ነው ብሎ ከመቆጣት በፊት እያንዳንዱ አጻጻፍ የሚያስቸግርበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

የፊደል ችግር ብዛቱ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ እንደ ሏ ያሉት ዲቃሎች ከዚህ ውጪ ናቸው። ገበታውን በዜማ የሚወርድ ልጅ «ሚ»ን ለብቻው ሲያይ ከ«መ» ተነሥቶ የሚቆጥር ከሆነ ገና አላነበበም። የቄስ ትምህርት ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳን የሚያስተምረው ተራውን ሰብሮ ዓይንን ለማሠልጠን ስለሚጠቅም ይመስለኛል፤ በቤትም ፊደላቱን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ ማደባለቅ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ካዕብና ሣልስ (ቡ፣ ሉ፣ ሱ፤ ቢ፣ ሊ፣ ሲ) ቅጥያቸው በአብዛኛው ወጥ ስለሆነ አንድ ላይ ይሰጡ፤ ሳድስ (ብ፣ ል፣ ስ) ግን ቅርጹ ከፊደል ፊደል ስለሚለያይ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ሰ እና ሠ በንባብ አንድ ድምፅ መሆናቸው ይነገረው እንጂ፣ በጀማሪነቱ አቀያይሮ ስለጻፈ አይቀጣ።

ሁለተኛው ችግር ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አለማሳየቱ ነው። «ገና» ጠብቆ የልደት በዓል ነው፤ ላልቶ ደግሞ ያልደረሰን ነገር ያመለክታል። ልጁ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቦ ወደ ቃሉ እንዲመለስ ያስለምዱት፤ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ ማድረግም ይረዳል። ቁርአን የቀራ ልጅ የሸዳን (በዐረብኛ ፊደል መጥበቁን የሚያሳየውን ምልክት) አገልግሎት ስለሚያውቅ ነጥቡ ከሸዳ ጋር ተነጻጽሮ ቢነገረው ፈጥኖ ይገባዋል።

ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ የሚሠራበት ቁቤ መጥበቅንም ሆነ የአናባቢን ርዝመት ፊደሉን በመድገም ያሳያል፤ በዚህም ቃላቱ ስለሚረዝሙ ልጁ ድምፆችን ማያያዝ ይከብደዋል። ጣቱን እያስኬደ፣ የተደገመው አናባቢ ላይ ድምፁን እያስረዘመ ያንብብ። ከእንግሊዝኛ ጋር የሚጋጨው ግን ሌላ ነው፦ እንግሊዝኛ «ሲ» የሚለው ፊደል በቁቤ ጭ ነው፣ «ኤክስ» ደግሞ ጥ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቋንቋዎች በተለያየ ደብተር ማስጻፍ፣ ከእያንዳንዱ ትምህርት በፊትም የሚለያዩትን ፊደላት ጮክ ብሎ ማስጠራት ግራ መጋባትን ይቀንሳል።

እንግሊዝኛ ለራሱ ልጆችም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የ13 የአውሮፓ ቋንቋዎች ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአንደኛው የትምህርት ዓመት መጨረሻ የፊንላንድ ልጆች የሚያውቋቸውን ቃላት 98 በመቶ በትክክል ሲያነቡ በእንግሊዝኛ የሚያነቡት የስኮትላንድ ልጆች ያነበቡት 34 በመቶውን ብቻ ነበር። የኮምቦልቻ ልጅ ቋንቋውን ሳይሰማ እንዲፈጥን መጠበቅ ግፍ ነው። አስቀድሞ ቃሉን በጆሮውና በአንደበቱ ይወቀው፤ ከዚያ አጻጻፋቸው የሚመሳሰሉ አጫጭር ቃላትን በቡድን፣ ከሥርዓት የወጡትን ደግሞ ጥቂት ጥቂት እያለ በሙሉ ቅርጻቸው ያጥና።

በፊደልና በቁቤ እድገቱን ለመፈተን እንደ «ለቡሚ» ያለ ትርጉም የሌለው ቃል ይጻፉለት፤ በቃል የሸመደደው እዚህ ላይ ይቆማል። በሁሉም አጻጻፍ እኩል የሚደናቀፍ ልጅ ካለ ግን ዓይኑንና ጆሮውን ማስመርመር ይቅደም።