ጃፓን ፍል ውሃ ሆቴል ልታድሩ ከሆነ

ሃኮኔን ወይም ቤፑን በመሰለ የፍል ውሃ ከተማ፣ ‹ሪዮካን› በሚባለው ባህላዊ ማረፊያ የምታድሩ ከሆነ ይህችን ያዙልኝ። ገንዳው መታጠቢያ አይደለም፤ መዘፍዘፊያ ነው። መጀመሪያ ዳር ካሉት ትንንሽ በርጩማዎች አንዱ ላይ ቁጭ ብላችሁ በሳሙና ሙልጭ አድርጋችሁ ታጠቡ፣ አረፋው ቅንጣት ሳይቀር ተለቃለቁ፣ ከዚያ ግቡ። ትንሿን ፎጣ ውሃው ውስጥ አትንከሩ፤ ጃፓኖቹ አጥፈው አናታቸው ላይ ጣል ያደርጓታል። ውሃው ብዙ ጊዜ 40 ዲግሪ ያልፋል፣ ስለዚህ ለመጀመሪያው ቀን 5 ደቂቃ ይበቃል። መጠጥ ቀምሳችሁ ግን በፍጹም አትግቡ።

አብዛኛው ቦታ የዋና ልብስ አይፈቀድም። ከማያውቁት ሰው ጋር ራቁት መግባት ለሚከብዳችሁ (እኔም ከብዶኝ ነበር) ክፍል ስትይዙ «ካሺኪሪ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለብቻ ወይም ለቤተሰብ የሚያዝ ገንዳ ነው። ንቅሳት የሚከለክሉ ብዙ ናቸው። እናታችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁና አንገቷ ላይ ንቅሳት ካላት፣ በር ላይ እንዳታዝን ቀድማችሁ አጣሩላት።

ክፍላችሁ ውስጥ የምታገኙትን ዩካታ (ቀለል ያለ የጥጥ ኪሞኖ) ስትለብሱ ደግሞ የግራው ጠርዝ ከላይ ይሁን። ቀኙን ከላይ የሚያደርጉት ለሬሳ ነው።