አገር ቤት ጉዳይ ኖሯችሁ ትኬት ስትቆርጡ

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል። ስለዚህ ቀጥታ በረራው 13 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ጉዳይ ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ግን ቀኑ ላይ ነው።

አርብ ረፋድ 5 ሰዓት ተነሳችሁ እንበል። ትኬቱ ላይ 11:00 ይላል። 13 ሰዓት በረራ፣ በላዩ ላይ የ7 ሰዓት ልዩነት ሲደመር አዲስ አበባ የምትገቡት ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ቢሮ ዝግ ነው። ዘመድ ለመጠየቅ ከሆነ ደግ፤ ለቤት ካርታ ወይም ለውክልና ከሆነ ግን ከሁለት ሳምንት ፈቃዳችሁ ላይ ሁለት ቀን ተበላ። እሁድ ብትነሱ ሰኞ ጠዋት ትደርሳላችሁ። እኔ በበኩሌ ሰኞን ለእንቅልፍ ትቼ ቢሮ የምሄደው ማክሰኞ ነው። እያንቀላፋሁ አንዴ የፈረምኩትን ወረቀት ለማስተካከል ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ።

መመለሻው ይረዝማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሰውም፣ ሻንጣም፣ ሙሉ ነዳጅም ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ከፊት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ጉዞው ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። ማታ ተነስታችሁ በማግስቱ ጠዋት ስለምትደርሱ አንድ ሌሊት ብቻ ይመስላል። የዚያኑ ቀን ሥራ እገባለሁ ብላችሁ ለአለቃችሁ ቃል እንዳትገቡ።

ለቤተሰብ ትኬት የምትልኩ ደግሞ 00:30 ከሚል በረራ ተጠንቀቁ። አጎቴን ጉድ የሠራቸው እሱ ነው። ትኬታቸው "ረቡዕ 00:30" ይላል። ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው፣ ሻንጣ አስጭነው ቦሌ ደረሱ። አውሮፕላኑ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ሄዷል። በእኛ ልማድ ከሌሊቱ 6:30 ገና የማክሰኞ ሌሊት ነው፤ በፈረንጁ ግን ቀኑ ተቀይሯል። ከዚያ ወዲህ ትኬት ብቻ አልልክም። "ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ ይገኙ" ብዬ እጽፋለሁ፤ ደውዬም መልሰው እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ።

ሳትሄዱ በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ ከሆነም ያው ሰዓት ነው የሚገዛችሁ። የመንግሥት ቢሮ ከቀኑ 11:30 ሲዘጋ ዋሽንግተን ገና ጠዋት 4:30 ነው። በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ አሜሪካ ሰዓቷን ወደኋላ ስትመልስ ልዩነቱ 8 ይሆናል፤ እስከ ማርች ሁለተኛ እሁድ ድረስ ከጠዋቱ 3:30 በፊት መደወል አለባችሁ። ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ ያለ ሰው፣ ስልኩን የሚያነሳ ከተገኘ፣ የሚያወራው ከጥበቃው ጋር ነው።