ቮልሷ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች? ሳልባትዮውን ከማስወረዳችሁ በፊት

የአጎቴን ቮልስ ደብረ ማርቆስ ላይ የተረከብኩ ሰሞን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከእኔ በፊት ያወቀው ነገር ነበር። መኪናዋ ቤንዚን ትሸታለች። እኔ አሮጌ መኪና ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ወደ ደጀን ስንወርድ ሉማሜን እንዳለፍን ሞተሯ ተንገጫገጨና ቀጥ አለች። ማታ 20 ሊትር ቀድቼ ነው ያደርኩት። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ጋራዥ ስወስዳት መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ሳልባትዮው ተበስቷል፣ ይበየዳል» አለኝ፤ ሳልባትዮ የሚለው የቤንዚን ታንኩን ነው። ወረደ፣ ተበየደ፣ ከፈልኩ። ሽታው ግን ንቅንቅ አላለም። ለካ የሚያንጠባጥበው ከሳልባትዮው ሥር ያለችው አንድ ስንዝር የማትሞላ የጎማ ቱቦ ናት። የእሷ ዋጋ ከብየዳው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከዚያ ወዲህ የሚያፈሰውን ቦታ በዓይኔ ሳላይ ቁልፍ አላነሳም። እዚህ የምጽፈው እንዴት አድርጌ እንደማየው ነው። ቮልስን ምሳሌ ያደረግኩት እሷን ስለማውቅ ነው። በድሮዋ አጭር ላንድሮቨር ሳልባትዮው ከወንበር ሥር፣ በፔጆ 404 ደግሞ ከኋላ ነው፤ አፈላለጉ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ የእሳቱን ነገር። ይህን የምትዘሉ ከሆነ ሥራውን ባትጀምሩት ይሻላል። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፣ እንደ ውኃ ዝቅ ያለ ቦታ እየፈለገ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ስለዚህ ጉድጓድ ባለበት ጋራዥ ውስጥ አትሥሩ፤ ተኑ እዚያው ይጠራቀማል። ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ሥሩ። «ማርቆስ ብርድ ነው፣ ምን ይነሣል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፤ የማርቆስ ብርድ ለእሱ ምኑም አይደለም።

ሲጋራ ማጥፋቱን ሁሉም ያውቀዋል። እኛ ግቢ ውስጥ የሚያስፈራው ግን ቡናው ነው። እናንተ ከመኪናው ሥር ተጋድማችሁ ሳለ ባሻገር በረንዳው ላይ ከሰል ይርገበገባል፣ ማንም ልብ አይልም። ወይ ቡናው ይቆይ፣ ወይ እናንተ ቆዩ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ (ቮልስ ላይ ከኋላ ወንበር ሥር ነው)። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ካላችሁ አጠገባችሁ ይሁን፤ ከሌላችሁ ደግሞ አንድ ባልዲ ደረቅ አፈር አዘጋጁ። ውኃ አይሆንም፤ ቤንዚኑ ላዩ ላይ ተንሳፎ እሳቱን ይዞት ይሄዳል። ለማየት የእጅ ባትሪ እንጂ ክብሪት አይጫርም። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ሲያደርጉ አይቻለሁ።

ቀጥሎ፣ እውነት እያፈሰ ነው ወይ? የቮልስ ሳልባትዮ 40 ሊትር ገደማ ይይዛል። ማርቆስ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጠዋት የምትቀዱት ቤንዚን ቀዝቃዛ ነው። ያንን እስከ አፉ ሞልታችሁ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ብትወርዱ ቤንዚኑ ይሞቃል፣ ሲሞቅም ይነፋል። ሙሉ ሳልባትዮ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ቢጨምር ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ትርፍ ይመጣል። የት ይግባ? በክዳኑ ወይም በመተንፈሻው ቱቦ ይወጣል። ድልድዩ ጋ ቆማችሁ «ተበሳብኝ» ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ምንም አልተበሳም፣ አበዝታችሁ ቀድታችሁ ነው። ከአፉ አራት ጣት ያህል ጎደል አድርጉና እንደገና ሞክሩት። ክዳኑን ስትከፍቱ አየር ወደ ውስጥ ሽው ብሎ ከገባ ደግሞ መተንፈሻው ተደፍኗል፤ እሱም ሞተር ያቆማል፣ ሰውም «አለቀ» ብሎ ያስባል።

አሁን ወደ ፍለጋው። ቮልስ ላይ ሳልባትዮው ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ስለዚህ የፊቱን ኮፈን ከፍታችሁ ስኮርቱን (ትርፍ ጎማውን) አውጡ፣ ዕቃውን አውጡ፣ ሳልባትዮውን የሸፈነውን ካርቶን አንሡ። አጎቴ እዚያ ውስጥ ምን እንዳላስቀመጠ! ከዚያ ሳልባትዮውን ከላይም ከታችም በጨርቅ ጠርጋችሁ አድርቁት። የድሮ ቆሻሻ ከድሮ ቤንዚን ጋር ተላቁጦ የተጋገረበት ላሜራ ላይ አዲስ ጠብታ አይታይም። ሲደርቅ የጠመኔ ዱቄት በጨርቅ እየነካችሁ መገጣጠሚያው ላይ፣ ቱቦው የሚወጣበት ላይና ታችኛው ሆድ ላይ ቀቡ። ኖራም ይሆናል። ከመኪናው ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉና እደሩ። ጠዋት ጠመኔው ላይ የረጠበ ወይም ጠቆር ያለ መስመር ካያችሁ ወደ ላይ ተከተሉት፤ መነሻው ላይ ቀዳዳው አለ። ጠብታው የሚወድቅበትን ቦታ አትመኑት፣ ቤንዚን ላሜራውን ይዞ ክንድ ያህል ሄዶ ነው የሚወድቀው። ካርቶኑ ላይ የወደቀው ነገር ተንኖ የሚጠፋ ከሆነ ቤንዚን ነው። ጥቁር ሆኖ ከቀረ ዘይት ነው፤ ቮልስ ከሆነች ደግሞ ከኋላ በኩል መኖሩ አይቀርም።

ማታ አንድ ምልክት ሳታደርጉ እንዳታድሩ። ንጹሕ ቀጥ ያለ እንጨት በአፉ አስገብታችሁ ቤንዚኑ የደረሰበትን በቢላ ጫሩ። ጠዋት መልሳችሁ ለኩ። ብዙ ቮልሶች ላይ የዳሽቦርዱ መለኪያ የሚዋሽ ስለሆነ (እስከ 1961 በፈረንጆቹ የተሠሩት ጭራሽ መለኪያ የላቸውም፣ በእግር የሚዞር የመጠባበቂያ ቧንቧ ነው ያላቸው) እንጨቷ ታማኝ ናት። እንጨቷን አትጣሏት። የሚቀጥለው ዘዴ ሁሉ በእሷ ነው የሚሠራው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ቀዳዳ ከቤንዚኑ ከፍታ በላይ ከሆነ አያፈስም። እንግዲያው ግማሽ ላይ ሆኖ ካንጠባጠበና በየቀኑ እየጎደለ ሄዶ ሩብ ላይ ሲደርስ ቀጥ ካለ፣ ቀዳዳው ሩቡ አካባቢ ነው፤ እንጨቷ ላይ ቁመቱን አንብባችሁ ዙሪያውን መፈለግ ነው። ሲሞላ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ላሜራውን ተዉትና ከላይ ያለውን የተንሳፋፊውን (የመለኪያውን) ክዳን እዩ። በትንንሽ ቪቴዎች (ብሎኖች) የታሰረ ነው፣ ከሥሩ ያለው ጋስኬት (ማሸጊያ) ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ ቤንዚኑ ተንቦጫርቆ በዚያ ይወጣል። በተለይ መኪና ውስጥ ሽታው የሚበረታው በዚህ ነው። አዲስ ጋስኬት ካላገኛችሁ የቡሽ ጋስኬት ቆርጦ የሚሠራ ሰው አይጠፋም። ቪቴዎቹን ግን በመስቀለኛ እያፈራረቃችሁ እንጂ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ።

ተዳፋትም ይረዳል፣ እሱ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ሞልቷል። ሜዳ ላይ ደረቅ የሆነች መኪና አፍንጫዋን ሽቅብ አድርጋችሁ ስታቆሟት ማንጠባጠብ ከጀመረች፣ ቀዳዳው በኋለኛው በኩል ነው። ገልብጣችሁ ቁልቁል ሞክሩት። ድንጋይ ጎማው ሥር ማድረጋችሁን አትርሱ፣ ከሥሯ የምትገቡት እናንተ ናችሁ።

ቱቦዎቹ ላይ ቆየት በሉ፤ እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ነው። ከሳልባትዮው ሥር ቤንዚኑ ሲወጣ መጀመሪያ በአጭር ጎማ ያልፍና በመኪናዋ መሐል ባለው ዋሻ በብረት ቱቦ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ማርሹ አጠገብ ሲወጣ እንደገና ጎማ አለ፣ ከፓምፑ እስከ ካርቡራቶሩም እንዲሁ። እያንዳንዱን ጎማ በጣት አጥፋችሁ እዩት። ስንጥቅ ካሳየ ወይም እንደ ደረቀ ቆዳ ካገደረ ይቀየር። ፋሸታውን (የቱቦውን ማሰሪያ) በማጥበቅ አይድንም። አንዳንዱ ጋራዥ በውስጡ የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ይገጥማል፤ ሲገጠም ያምራል፣ ከወራት በኋላ ግን እንደ መስታወት ይደርቃል። የቤንዚን ጎማ ብላችሁ ግዙ። እግረ መንገዳችሁን ካርቡራቶሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባትን የናስ ቱቦ ወዝወዝ አድርጓት። ከላላች ትወጣለች፣ ከወጣች ፓምፑ ቤንዚኑን የጋለ ሞተር ላይ ይረጨዋል። ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህች ነው። ሽታው ከኋላ የሚመጣ ከሆነ ከሳልባትዮው በፊት እሷን እዩ።

ይህ ሁሉ አልፎ ጣታችሁ ላሜራው ላይ ካረፈ፣ ያኔ ይውረድ። ቤንዚኑን ወደ ብረት ጀሪካን ቅዱት፤ ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጥ። ቱቦውን፣ መተንፈሻውን፣ የመለኪያውን መስመር ፈትታችሁ አራቱን ማሰሪያዎች ስትፈቱ ወደ ላይ ይነሣል። ባዶ ሆነ ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ባዶ ሳልባትዮ ከሞላው ይከፋል፣ ውስጡ ተንና አየር ተቀላቅሎ ነው ያለው። በውኃና በዱቄት ሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት፣ አፉን ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ አውሉት።

ከዚያ ጎሚስታ የተበሳ ከመነዳሪ የሚፈልግበትን መንገድ ተጠቀሙ። መውጫዎቹን በጎማ ወይም በቡሽ ድፈኑ፣ በአንዱ በኩል በብስክሌት ፓምፕ ትንሽ አየር ስጡ፣ የሳሙና አረፋ በስፖንጅ ቀቡ። አረፋው የሚነፋበት እሱ ነው። በእርሳስ ሳይሆን በቢላ ጫፍ ምልክት አድርጉ፣ እርሳስ ይታጠባል። አየሩ ግን በጣም ትንሽ ይሁን፣ ከ0.2 ባር አይለፍ። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር አጠገቡ አይድረስ፤ ይህ ስስ ላሜራ ነው፣ እንደ ድፎ ዳቦ ነፍቶ ይቀራል፣ አንዳንዴም መገጣጠሚያው ይተረተራል። ጎሚስታው ሰፊ የውኃ ገንዳ ካለው እዚያ ነክሮ ማየት ይቻላል። ውስጡንም በእጅ ባትሪ እዩ። እኛ አገር ክረምቱን ሙሉ ግማሽ ሆኖ የቆመ ሳልባትዮ፣ በውስጡ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይሠራል። ውኃው ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ ከታች ይበላዋል። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠው ቤንዚንም አንዳንዴ ውኃውን ይዞ ነው የሚመጣው። አንድ ቀዳዳ አግኝታችሁ ዙሪያው በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ፣ መጠገኑን ተዉትና ሌላ ሳልባትዮ ፈልጉ።

ስለ ጥገናው ብዙ አልልም። መንገድ ላይ ከሆናችሁ የልብስ ሳሙና ቀዳዳው ላይ አጥብቃችሁ ፈትጉበት፤ ቤንዚን ሳሙና አያሟሟም፣ እስከ ቤት ያደርሳል። ብየዳ ከሆነ ግን «ታጥቧል» ብላችሁ ለማንም በያጅ አትስጡ። በፈላ ውኃ ደጋግሞ ካጠበ በኋላ ከሚበየድበት ቦታ በስተቀር ውኃ ሞልቶ የሚሠራ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይሁን። ያንን ሰው ካላገኛችሁ ይቆይ።

ሲመለስ መጀመሪያ 5 ሊትር ብቻ ጨምሩና ጠመኔውን እንደገና ቀቡ፣ ካርቶኑን አንጥፋችሁ እደሩ። ጠዋት ደረቅ ከሆነ ግማሽ፣ በማግሥቱ ሙሉ። በሦስቱም ቀን እንጨቷ ካልዋሸች ስኮርቱን ወደ ቦታው መልሱት። ያቺን የአጎቴን ካርቶን ግን እኔ አልመለስኳትም፣ አሁን ኮፈኑን በከፈትኩ ቁጥር ሳልባትዮውን ፊት ለፊት አየዋለሁ።