አክሪሊክ ስታፈሱ ቀለሙ ለምን ይበላሻል?

አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) በኩባያ አዘጋጅቶ ሸራ ላይ በማፍሰስ በሚሠራ ሥዕል የቀለም ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ገና ኩባያው ውስጥ ሳለ ነው። ሸራውን እያዘነበሉ የሚያስተካክሉት ትንሹን ነው። ስለዚህ ችግር ሲታይ መጀመሪያ ወደ ድብልቁ ተመለሱ።

ቀለሞቹ ጭቃ መሰሉ

ቀይና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ ሲደባለቁ አንዱ ሌላው የሚያንጸባርቀውን ብርሃን ይውጣል፤ ውጤቱ ቡናማ ወይም ግራጫ ነው። እነዚሁ ጥንዶች ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ሲያርፉ ግን ይደማመቃሉ። ስለዚህ ተቃራኒዎችን አትፍሩ፣ መሀላቸው ነጭ ወይም ጥቁር አፍስሳችሁ ለዩዋቸው።

የቀለም ምርጫው ትክክል ሆኖ ጭቃው ከመጣ፣ ድብልቁ በጣም ቀጥኗል ወይም ሸራውን አብዝታችሁ አዘንብላችኋል። ሁሉም ቀለም እኩል ይቅጠን፤ ከመማሰያው ላይ እንደ ማር ሳይቆራረጥ ቢወርድ በቂ ነው። አንዴ የተበላሸውን እርጥብ ሳለ ጠርጋችሁ አንሱት። የተጠረገውን ቡናማ አልጥለውም፤ ለሚቀጥለው ሥራ ጥሩ መደብ ይሆናል።

ሴል አልወጣም፣ ወይም ነጩ ሰመጠ

ሴል የሚባለው የታችኛው ቀለም በላይኛው መሀል ብቅ ሲል የሚፈጠረው ክብ ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩ የክብደት ነው። የቲታኒየም ነጭ ዱቄት ከውሃ አራት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ፍታሎ የሚባለው ሰማያዊ ዱቄት ሁለት እጥፍም አይሞላም። ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች ሲሆን ንብርብሩ አይረጋም፤ ከላይ ያለው እየሰመጠ፣ የታችኛው እየተሰነጠቀ ይወጣል። ሜክሲኮዊው ሠዓሊ ዳቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ በ1936 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ቀለም በቀለም ላይ እያፈሰሰ ያገኘው ይህንኑ ነው። የፈሳሽ ፊዚክስ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ምክንያቱ የክብደት ልዩነት መሆኑን አሳይተዋል።

መፍትሄው ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። ሴል ከፈለጋችሁ ነጩ ሸራው ላይ ከላይ ይሁን፤ ካልፈለጋችሁ ከታች። ኩባያ ገልብጣችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን ተራው እንደሚገለበጥ አትርሱ፦ መጀመሪያ የገባው ሸራው ላይ ከላይ ይሆናል። ብዙ ሰው ሴል ሲያጣ ሲሊኮን (ሴል እንዲወጣ የሚጨመር ዘይት) ይጨምራል። ቅደም ተከተሉን ሳይፈትሹ ወደ ዘይት መሮጥ ችኮላ ይመስለኛል።

ሲደርቅ ጠቆረ ወይም ፈዘዘ

የአክሪሊኩ ማጣበቂያ እርጥብ ሳለ ወተት ይመስላል፣ ሲደርቅ ይጠራል። ያ ነጭነት ሲጠፋ ቀለሙ ይጠቁራል። ከማፍሰሳችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ኩባያ ጠብታ ካርቶን ላይ አድርቃችሁ እዩ፤ ከጠቆረ ኩባያው ውስጥ ትንሽ አንጡት። መፍዘዝ ግን ሌላ ነው፤ ውሃ ሲበዛ ማጣበቂያው ይሳሳል። ለሚቀጥለው በውሃ ፋንታ የማፍሰሻ ሚዲየም (ማጣበቂያውን ሳያሳሳ ቀለሙን የሚያቀጥን ፈሳሽ) ጨምሩ፤ የፈዘዘውን አንጸባራቂ ቫርኒሽ በመጠኑ ያነሳዋል።

ተሰነጠቀ

ንብርብሩ ወፍራም ሲሆን ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፤ ታቹ ደግሞ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። ትርፉን በጠርዝ አስወርዱ፣ ከፀሐይና ከነፋስ አርቁት፣ አየር እንዲያገባ አድርጋችሁ በካርቶን ሸፍኑት። የተሰነጠቀው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ በላዩ እንደገና ማፍሰስ ይቻላል።

ትንንሾቹ

ሥዕሉ ሌሊቱን ከሸሸ ጠረጴዛው ያዘነበለ ነው፤ በውሃ ልክ ለኩት። ቀለም መሀል ላይ ከተጠራቀመ ሸራው ረግቧል፤ ከማፍሰሳችሁ በፊት ጀርባውን ውሃ ረጭታችሁ አድርቁት፣ ይወጠራል። አረፋ ከበዛ ቀስ ብላችሁ አማስሉ፣ ድብልቁንም አሳርፉት።

ቫርኒሹ እየሸሸ ነጠብጣብ ሆነ

የቀረ ሲሊኮን ነው። ሥዕሉ ለሳምንታት ይድረቅ፤ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ፣ በትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ውሃ ጥረጉት፣ አድርቁት፣ ድገሙት። አልኮል አክሪሊኩን ስለሚያሟሟው አትጠቀሙበት። ቫርኒሹን ጥግ ላይ ሞክሩ፤ አሁንም ከሸሸ ማጠቡን ቀጥሉ።